የድሮ ላንድክሩዘር ባሌስትራ አቀያየር፦ ከመለካት እስከ ሁለተኛው ማጥበቂያ

ባሌስትራ፣ መኪናውን አክስሉ ላይ የሚሸከመው የተደራረበ ብረት፣ መፍታትና መግጠሙ ጉልበት ይፈልጋል እንጂ ረቂቅ ሥራ አይደለም። ታዲያ አዲስ ባሌስትራ ካስገጠሙ በኋላ መኪናው የሚያጋድልባቸው፣ ዩ ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው እንደ U የታጠፈ ቡሎን) የሚላላባቸው፣ መሪው ወደ አንድ ወገን እየጎተተ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ለምን በዙ? ከመፍታቱ በፊት መለካት ያለበት ስላልተለካ ነው። ከተገጠመም በኋላ ዩ ቦልቱ በሰዓቱ ስላልጠበቀ ነው። መሃል ያለውን ሥራ ማንም ጎበዝ ረዳት ይሠራዋል። ስለዚህ እዚህ መጀመሪያውና መጨረሻው ይረዝማል፣ አትዝለለው።

የምጽፈው ፊትም ኋላም ባሌስትራ ላላቸው የድሮ ላንድክሩዘሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት ለተሠሩት 75ቶች፣ ለሃርድቶፑም ለፒክአፑም። ከዚያ ወዲህ የመጡት 78 እና 79 ፊታቸው ሞላ ስለሆነ የኋላውን ብቻ ተከተል። የሃይሉክስ የኋላ ባሌስትራም አሠራሩ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የባሌስትራው መሆኑን አረጋግጥ

መኪናው ስላጋደለ ብቻ ሶማሌ ተራ ሰው አትላክ። መጀመሪያ ሥሩ ግባ። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፍና ባትሪ አብርተህ እነዚህን ፈልግ፦

1. የተሰበረ ብረት። ባሌስትራ የተደራረቡ ብረቶች ጥቅል ነው፤ ስብራቱ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ዩ ቦልቱ በያዘው መሃል አካባቢ ነው። ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ ጠርጥር።
2. የተበላ ቡሽንግ። ቡሽንግ በባሌስትራው ጫፍ ቀለበት ውስጥ የሚገባው ጎማ ነው። ዲጅኖ በባሌስትራው ቀለበትና በሻንሲው መያዣ መሃል አስገብተህ ነቅንቅ። ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማህ ጎማው አልቋል።
3. የተጣመመ ሻክል። ሻክል የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው፤ መኪናው ሲነጥር ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ አለባቸው። ደርቀው ከቆሙ ባሌስትራው እንደ ድንጋይ ይሆናል።
4. የተሰነጠቀ ሻንሲ። በተለይ የባሌስትራው መያዣ በተበየደበት ዙሪያ። ይህን ካገኘህ ሌላውን ሥራ ተወው፣ መጀመሪያ ጥሩ በያጅ ፈልግ።
5. የጎማ ነገር። የግራና የቀኙ ጎማ መጠን ወይም ነፋስ ከተለያየ መኪናው ያጋድላል። ቀላል ስለሆነ ማንም አያየውም።

ሾኩን፣ ንጥረቱን የሚያበርደውን፣ ደግሞ ለብቻው እይ። ዘይት ካዘነበ ወይም መኪናውን በእጅ ተጭነህ ስትለቀው ደጋግሞ የሚነጥር ከሆነ አብሮ ይቀየራል። አዲስ ባሌስትራ በሞተ ሾክ ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረጃ 2፦ ሳትፈታ ለካ

ሜዳ ላይ አቁም። ደሴ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱ አንድ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን አቀበት ላይ የተለካ ልክ ውሸት ነው። የነዳጅ ማደያ ግቢ፣ የመጋዘን ወለል፣ የትም ይሁን ውሃ ብታፈስበት የማይሮጥበት ቦታ ፈልግ። የጎማውን ነፋስ እኩል አድርግ። ጭነት አራግፍ።

አሁን እነዚህን ለካና ወረቀት ላይ ጻፍ፦

1. በአራቱም ጎማ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ከፍታ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማ ነፋስ ያሳስትሃል።
2. በግራም በቀኝም ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርዝመት። አሁን እኩል ካልሆኑ አክስሉ ቀድሞም ተንሸራቷል ማለት ነው።
3. በአክስሉና በሻንሲው ላይ ባለው የጎማ ትራስ መሃል ያለውን ክፍተት።
4. የፍሬን ጎማ ቱቦው ምን ያህል እንደላላ። ይህን ፎቶ አንሳው።

ፎቶ በብዛት አንሳ። የትኛው ጫፍ በሻክል እንደተያዘ፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይሁን በታች፣ ሽብልቅ (በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የሚገባ፣ አንድ ወገኑ ወፍራም ብረት) ካለ ወፍራሙ ወገን ወዴት እንደዞረ። ሃይሉክስ ኋላው ላይ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይቀመጣል፤ ሌላ መኪና ላይ ከታች ይሆናል። ይህ የአፈታቱን ቅደም ተከተል ስለሚቀይር አሁኑኑ እወቀው።

ደረጃ 3፦ የምትገዛውን ለይ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወሎ ውስጥ መኪና ይጫናል፤ ሰው ከውስጥ፣ ጆንያ ከላይ። ስለዚህ ሁሉም ከባዱን ባሌስትራ ይፈልጋል። ነገር ግን ከባድ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ አይታጠፍም። ባዶውን በጠጠር መንገድ ላይ ስትሄድ የኋላው ጎማ መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል፣ ሾኩ ይሞታል፣ ሻንሲው ይሰነጠቃል። የምትመርጠው አብዛኛውን ሳምንት በምትጭነው ክብደት ነው። ለዓመት በዓል በምትጭነው አይደለም።

«አንድ ብረት ጨምርበት» የሚለውን ምክርም በጥንቃቄ ስማው። ደህና ባሌስትራ ላይ ለጭነት ብሎ መጨመር ይቻላል። የደከመ ባሌስትራ ላይ ከጨመርክ ግን አዲሱ ብረት ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ይሰበራል። የተዘረጋውን በእሳት አግሎ ማጉበጥማ ጭራሽ አይሆንም፤ ብረቱ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከፋብሪካ በሚደረግለት የሙቀት ሥራ ነው፣ ከሰል ላይ ካጋልከው ያን ያጣል። ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ይታይሃል፣ ከዚያ ተመልሶ ይተኛል።

ስትገዛ ግራና ቀኙን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጥና ከቀለበት እስከ ቀለበት ክር ወጥረህ፣ ከክሩ እስከ ዋናው ብረት መሃል ያለውን ጥልቀት ለካ። አንዳንድ ጥንዶች ሆን ተብሎ አንዱ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ከፍ ያለው በደረጃ 2 ዝቅ ብሎ ወደተለካው ወገን ይገባል። «የሾፌር ወገን» የሚል ጽሑፍ ብታይ ደግሞ ቆም በል፤ ዕቃው መሪው በቀኝ ለሆነበት አገር ተሠርቶ ከሆነ የነሱ ሾፌር ያለው በኛ ተሳፋሪ ወገን ነው።

አብረህ የምትገዛው፦

- አዲስ ዩ ቦልት ከነዳዶውና ከነሮንዴላው። አሮጌውን መልሰህ አትጠቀም። አንዴ ሲጠብቅ ተለጥጧል፣ ሁለተኛ እንደ በፊቱ አይይዝም። ቶርኖ ቤት የሚያሠራም አለ፤ ከተራ የግንባታ ብረት ከሆነ አትቀበል።
- ሙሉ ቡሽንግ፣ ለሁለቱም ጫፍ።
- የሻክል ቡሎኖች። አሮጌዎቹ መሃላቸው ከተበላ ቀጥነው ታያቸዋለህ።
- የመሃል ቡሎን፣ ብረቶቹን መሃል ላይ አጣብቆ የሚይዘው፣ መጠባበቂያ። ርካሽ ነው።

ደረጃ 4፦ ከዋዜማው ጀምር

ቡሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ደብሊው ዲ ፎርቲ ርጭ። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ። ከሌለህ ናፍጣም ይሠራል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። የፍሬን ሸራ ላይ እንዳይነካ።

መሣሪያ አሰባስብ፦ ሁለት ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና የሚደግፍ የብረት እግር)፣ ቡሶላ ከነረጅም እጀታው፣ እጀታው ላይ የሚገባ ቱቦ፣ ከባድ መዶሻ፣ ዲጅኖ፣ ትልቅ የብረት መቆንጠጫ ወይም ሞርሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሜትር፣ ጠመኔ። ግራይንደር ካለህ ጥሩ ነው። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስለማይታወቅ ግን ሴጌቶም ከነመለዋወጫ ምላጩ ይኑር። ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ ተከራይ ወይም ተዋስ፤ ዩ ቦልት በግምት የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ረዳት ያስፈልግሃል። ብቻህን አትሥራው። አንድ ሙሉ ባሌስትራ ከባድ ነው፣ ደረትህ ላይ ቢወድቅ የሚያነሳልህ ሰው ይኑር።

ደረጃ 5፦ አነሳስ

1. መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገባ። የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፍ። ኋላውን ስታነሳ የእጅ ፍሬን አያድንህም።
2. የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ አላላ፣ አትፍታ።
3. ክሪኩን ዲፈረንሻሉ ሥር አድርገህ አንሳ።
4. ካቫሌቶዎቹን ሻንሲው ሥር አስቀምጥ። አክስሉ ሥር አይደለም! አክስሉ መውረድና መውጣት መቻል አለበት። ለኋላው ባሌስትራ ከሆነ ካቫሌቶው ከባሌስትራው የፊት መያዣ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቀመጥ።
5. ክሪኩን ቀስ ብለህ አውርድና ሻንሲው ካቫሌቶው ላይ ይረፍ። ክሪኩ ግን አክስሉን እንደያዘ ይቆይ።
6. መኪናውን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገው። ከተነቃነቀ መልሰህ ሥራው።

ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግባ። ድንጋይና ብሎኬት ካቫሌቶ አይደለም፤ ብሎኬት ሳይታሰብ ነው የሚፈርሰው። ካቫሌቶ ከሌለ ሥራው ይደር።

ደረጃ 6፦ አፈታት፣ አንድ ወገን ብቻ

ሁለቱንም ወገን ባንዴ አትፍታ። ያልተፈታው ወገን አክስሉን ቦታው ላይ ይይዝልሃል፣ ግራ ሲገባህም አይተህ የምትኮርጀው እሱ ነው።

1. ጎማውን አውጣና ሻንሲው ሥር አስተኛው። ምናልባት ካቫሌቶው ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል።
2. የሾኩን የታች ቡሎን ፍታ።
3. የፍሬን ቱቦና የእጅ ፍሬን ሽቦ ባሌስትራው ላይ ታስሮ ከሆነ ልቀቀው። ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ካየህ እሱ እንደ ጭነቱ የኋላውን ፍሬን የሚያመጣጥነው ነው። አላቀህ አስቀምጠው፣ እንዳይጣመም።
4. ክሪኩ የአክስሉን ክብደት መያዙን አረጋግጥና የዩ ቦልቱን ዳዶዎች ፍታ። እያፈራረቅክ፣ አራቱንም ጥቂት ጥቂት። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ዩ ቦልቱ ሲወጣ ወደ ታች ይወርድብሃል፤ ሁለተኛው ክሪክ ከሥሩ ይሁን። ከላይ ከሆነ አክስሉን በክሪክ ጥቂት አውርደህ ከባሌስትራው አላቀው።
5. በመጀመሪያ የሻክሉን ቡሎን፣ ቀጥሎ የቋሚውን ጫፍ ቡሎን አውጣ።

ቋሚው ጫፍ ላይ ያለው ቡሎን እንቢ ካለ አትደነቅ። ውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር በዝገት ተጣብቆ ነው። ዳዶው ይዞራል፣ ቡሎኑም አብሮ ይዞራል። መዶሻ ብትመታው ጫፉ ይደፈጠጥና ጭራሽ አይወጣም። ዳዶውን ጫፉ ድረስ መልሰህ አስገባና በዳዶው ላይ ምታ፣ ጥርሱ አይበላሽም። ካልሆነ በቀለበቱና በመያዣው መሃል ባለው ክፍተት ግራይንደር አስገብተህ ሁለቱንም ወገን ቁረጠው። መያዣውን እንዳትነካ። ታንከሩ ቅርብ ስለሆነ የነዳጅ ቱቦውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍን፣ አንድ ባልዲ ውሃና አፈር አጠገብህ ይኑር። በእሳት ማቃጠል የሚወዱ አሉ፤ የሚቃጠል ቡሽንግ ጭሱ መርዝ ነው፣ ታንከር አጠገብ እሳትም ቀልድ አይደለም።

የወጣውን ባሌስትራ የመሃል ቡሎኑን እንዲሁ አትፍታ። ብረቶቹ ተወጥረው ነው የተጠቀለሉት፣ ቡሎኑ ሲለቅ ይፈነጠራሉ። መፍታት ካለብህ በሁለት ቦታ በመቆንጠጫ ይዘህ ቀስ በቀስ ነው። አሮጌውን ደግሞ አትጣል፣ ቀጥቃጮች ማረሻና ቢላ ስለሚሠሩበት ይገዙሃል።

ደረጃ 7፦ አገጣጠም

1. መያዣዎቹን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። የአክስሉን መቀመጫ ቀዳዳ በተለይ አጽዳው፤ የመሃል ቡሎኑ ራስ የሚገባው እዚያ ነው። እዚያ የቀረ ጠጠር አክስልህን ያጣምመዋል።
2. ቡሽንጉን አስገባ። ተራ ጎማ ከሆነ ግራሶ አትቀባው፣ ጎማውን ይበላዋል፤ ካስቸገረህ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ጠንካራው የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ አብሮት የሚመጣውን ቅባት ቀባ፣ ያለዚያ ሲንጫጫ ትሰማዋለህ።
3. መጀመሪያ ቋሚውን ጫፍ አስገባ። ዳዶውን በእጅ ብቻ አዙረው። አታጥብቅ!
4. ሌላውን ጫፍ ከሻክሉ ጋር አገናኝ። ይህም በእጅ ብቻ።
5. አክስሉን በክሪክ አስጠጋና የመሃል ቡሎኑ ራስ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ እይ። በዓይንህ ካላየኸው በጣትህ ዳስሰው፣ ግን አክስሉ በክሪክ በደንብ ተይዞ ሲቆም ብቻ።

አዲሱ ባሌስትራ ጉብጥ ስለሆነ አጭር ይመስላል፣ ሻክሉ ጋ አይደርስም። «ዕቃው ልክ አይደለም» ብለህ እንዳትመልሰው። ቋሚው ጫፍ ተይዞ ሳለ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ሻንሲው ሲገፋ ባሌስትራው እየተዘረጋ ይረዝማል። ከመሃሉ በክሪክ ወደ ላይ ግፋውና ረዳትህ ሻክሉን በዲጅኖ ያምጣው። ቀዳዳዎቹን ለማጋጠም ጣትህን እንዳታስገባ፣ ካቻቢቴ አስገባ። እንዲህ ስትገፋ ሻንሲው ከካቫሌቶው እንዳይነሳ ደጋግመህ እይ፤ ከተነሳ አቁምና አክስሉን ይዘህ ሌላ መንገድ ፈልግ።

ደረጃ 8፦ ዩ ቦልት

አራቱን ዳዶዎች በእጅ አስገባ። ከዚያ እንደ ጎማ ዳዶ በመስቀል አጥብቅ፣ በሦስት ዙር፣ በየዙሩ እየጨመርክ። ከዳዶው በታች የሚተርፈው ጥርስ በአራቱም እኩል መሆን አለበት። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ዳዶዎቹ የሚያርፉበት ሳህን ተጣሟል፣ አላልተህ እንደገና ጀምር።

የመጨረሻውን ልክ ከመኪናህ የጥገና መጽሐፍ ውሰድ። ጥርሱ ላይ ዘይት ከቀባህ ቁልፉ የሚያሳይህ ቁጥር ያታልልሃል፤ ስለዚህ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። በመጨረሻ በዳዶውና በሳህኑ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምር። ኋላ ከላላ ያን መስመር አይተህ ታውቃለህ።

ሌላውን ወገን በተመሳሳይ መንገድ ሥራ። ሾኩን፣ ፍሬን ቱቦውን፣ ጎማውን መልስ።

ደረጃ 9፦ መሬት ካረፈ በኋላ አጥብቅ

ይህ ነው የሚረሳው። የቀለበቶቹና የሻክሉ ቡሎኖች እስካሁን በእጅ ብቻ ናቸው። ምክንያቱም አክስሉ ተንጠልጥሎ ካጠበቅካቸው፣ መኪናው ሲወርድ የቡሽንጉ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል። ሁልጊዜ ወደ ተንጠለጠለበት መመለስ ይፈልጋል፤ መኪናውም ከፍ ብሎ ይደርቃል፣ ቡሽንጉም በጥቂት ወር ይቀደዳል።

1. መኪናውን አውርድ። ድንጋዩን አንሳ።
2. እዚያው ግቢ ውስጥ በቀስታ ጥቂት ሜትር ወደፊት፣ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ንዳው። አራቱንም ጥግ በሰውነትህ ክብደት ተጭነህ አንጥረው።
3. ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ድንጋዩን መልሰህ፣ ሥሩ ገብተህ ሁሉንም ቡሎን አጥብቅ።
4. የዩ ቦልቱን ልክ እንደገና ፈትሽ። ክብደት ሲያርፍበት ጥቂት ይሰጣል።

ደረጃ 10፦ ማስተካከል

የደረጃ 2ን ወረቀት አውጣና እንደገና ለካ።

*ግራና ቀኝ።* የ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አያስጨንቅህ፤ አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ይወርዳል፣ እኩልም ላይወርድ ይችላል። ከ2 በላይ ከሆነ ግራና ቀኙን አለዋውጥ።

*የጎማ ለጎማ ርዝመት።* ቀድሞ እኩል ከነበረ አሁንም እኩል ይሁን። ካልሆነ የመሃል ቡሎኑ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም። እንዲህ ሆኖ አትንዳ፣ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ ስቶ ነው የሚሄደው።

*ፍሬን ቱቦ።* አክስሉ ሙሉ በሙሉ ተንጠልጥሎ ቱቦው መወጠር የለበትም። ከተወጠረ ረጅም ቱቦ ግዛ ወይም የሻንሲውን መያዣ ወደ ታች አውርድ።

*የፍሬን ማመጣጠኛው ዘንግ።* መኪናው ከፍ ሲል ይህ ዘንግ «ባዶ ነው» ብሎ ስለሚያስብ ለኋላው ፍሬን የሚሰጠውን ጫና ይቀንሳል። ፊቱ ብቻውን ይይዛል። ከኋላ ከፍታው በተነሳበት ልክ የዘንጉን መያዣ አክስሉ ላይ ከፍ አድርግ። ይህን የሚነግርህ መካኒክ ጥቂት ነው፤ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ ለሚወርድ ሰው ግን ከባሌስትራው ራሱ የሚበልጥ ነገር ነው።

*መሪ።* ፊቱ ከፍ ካለ ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ስለሚያዘነብል መሪው ቀጥታ ስትነዳ ወደ ጎን ዞሮ ታገኘዋለህ። መሪውን ነቅለህ አታዙር። ዘንጉን አሳጥር ወይም አስረዝም።

*የፊት አክስል ማጋደል።* ከፍ ካደረግከው በኋላ መሪው ከቀለለ፣ ከታጠፈም በኋላ ራሱ ካልተመለሰ፣ የአክስሉ አናት ወደ ፊት አጋድሏል። በሽብልቅ መልሰው። አናቱ ወደ ኋላ እንዲያጋድል፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ከሆነ ወፍራሙ ወገን ወደ ፊት፣ በላይ ከሆነ ወፍራሙ ወደ ኋላ። ብዙ አታድርግ፤ ይህን ስታደርግ የፊት ዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ታች ስለሚዞር የፊቱ ካርዳን (ከማርሽ ሳጥን ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ) መስቀለኛ ይጨናነቃል። የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ሳይሆን የብረት ሽብልቅ ይሁን። ፊት ላይ ከፍ ማድረጊያ ድጋፍ ብረት ከባሌስትራው ጋር ደርበህ አታስገባ፣ ፍሬን ስትይዝ ይሸሻል።

*መብራት።* ኋላው ከፍ ካለ የፊት መብራቱ መሬት ያያል፤ ፊቱ ከፍ ካለ የመጪውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ግድግዳ ላይ አይተህ መልሰው።

ደረጃ 11፦ ሙከራና ሁለተኛው ማጥበቂያ

ደሴ ከሆንክ መጀመሪያ ከተማ ውስጥ በቀስታ፣ ደጋግመህ ፍሬን እየያዝክ። ሐረጎ የሙከራ ቦታ አይደለም። ደህና ከሆነ ወደ ሐይቅ ሂድና ተመለስ፣ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትመለስ ሳይውል ሳያድር ዩ ቦልቱን በቶርክ ቁልፍ አጥብቅ። የቀለም መስመሩ ተሳስቶ ብታይ አብሽር፣ የሚጠበቅ ነው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ድገመው፣ ከዚያ ዘይት በቀየርክ ቁጥር እይ። 500 ኪሎ ሜትሩ ላይም ብዙ ከዞረ ግን ወይ ዩ ቦልቱ ይለጠጣል ወይ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ቀርቷል፣ ፍታው።

ከሐይቅ ተመልሰህ እስክታጠብቀው ድረስ ጭነት አትጫን። «ከወልዲያ ስመለስ አጠብቀዋለሁ» ማለትም አይሠራም፤ ላላ ባለ ዩ ቦልት አንድ ጭነት ከተሄደ የመሃል ቡሎኑ ይቆረጣል።

ከተገጠመ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

*ይንጫጫል።* በብረቶቹ መሃል አቧራ ወይም የደረቀ ቡሽንግ ነው። በውሃ እጠበው። የተቃጠለ ዘይት መርጨት የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ለአንድ ሳምንት ዝም ይላል፣ የመንገድ አቧራ ሲጣበቅበት ብረቱን የሚፍቅ ሊጥ ይሆናል፣ ቡሽንጉንም ያበሰብሰዋል።

*ይደርቃል፣ ወገብ ይሰብራል።* መጀመሪያ ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቶ እንደሆነ እይ። ቀጥሎ ሻክሉን እይ፤ ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ውስጥ አጋድሎ ከቆመ መወዛወዝ አይችልም። ቡሎኑ ከልክ በላይ ጠብቆ ከሆነ አላላና ልኩን ስጠው።

*በፍጥነት ይንቀጠቀጣል።* ከኋላ ሆኖ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ የካርዳኑ ማዕዘን ተቀይሯል። የኋላ አክስል ሽብልቅ በግልባጭ ገብቶ እንደሆነ ፎቶህን እይ። መሪው ላይ የሚሰማህ ከሆነ ግን የጎማ ሚዛንና የተበላ የመሪ ኳስ መጀመሪያ ይታይ።

*ማርሽ ስትሰጥ «ዷ» ይላል።* ዩ ቦልት። ሌላ ነገር ከመፈለግህ በፊት አጥብቀው።

መንገድ ላይ ቢሰበር

ከደላንታ ስትወርድ ወይም ድልብ አቀበት ላይ ተሰብሮ ጋራዥ ሩቅ ከሆነ፦

1. ጭነቱንና ሰውን አውርድ።
2. የተሰበረው ዋናው ብረት ካልሆነ፣ ብረቶቹን በካላማዳሪያ ጭረት ደጋግመህ አጥብቀህ እሰርና በዝግታ ሂድ።
3. ዋናው ብረት ኋላ ላይ ከተሰበረ አክስሉ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ በሰንሰለት ከሻንሲው የፊት መያዣ ጋር እሰረው። ሻንሲውን በክሪክ አንስተህ በአክስሉና በሻንሲው መሃል የባህር ዛፍ ግንድ ቁራጭ አስገባና እሱንም እሰር። ፍሬን ቱቦው እንዳይጨፈለቅ።
4. በመጀመሪያ ማርሽ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳትበልጥ፣ በየጥቂቱ እየወረድክ ማሰሪያውን እያየህ እስከ ቅርቡ ከተማ።
5. የተሰበረው የፊት ዋና ብረት ከሆነ አትንዳው። መሪው አብሮ ይሸሻል። አይሱዙ ፈልገህ ይጫን።